የመብራት ጎተራ፦ ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

ያገራችን ገበሬ እህሉን በጎተራ የሚያኖረው ምድሪቱን ስለማያምናት አይደለም። ዝናብ የሚቀርበት ዓመት እንዳለ ከአባቶቹ ስለ ሰማ ነው። እህል ጎተራ አለው፤ ውሃ እንስራ አለው፤ ቅቤም ቅል አለው። መብራት ግን ወደዚህች አገር ከገባ ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በየቤቱ ጎተራ አልነበረውም። መስመሩ ሲመጣ ይበራል፤ መስመሩ ሲሄድ ሻማ ይፈለጋል።

ዛሬ አንድ ነገር ተለውጧል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በየግቢው የሚያድረው የኤሌክትሪክ መኪና ከወለሉ ሥር ትልቅ ባትሪ ተሸክሟል። ያ ባትሪ አንድ መካከለኛ ቤተሰብ ለቀናት የሚጠቀምበትን መብራት ይይዛል። ጣራው ላይ ሶላር ከተጨመረ ደግሞ ጎተራው ማሳ አገኘ ማለት ነው። ለመሆኑ መኪናን የቤት መብራት የማድረግ ሐሳብ ከየት መጣ? በሌላው ዓለም ምን አደረገ? ለእኛስ ምን ይዞ ይመጣል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መኪና ማሻሻጥ አይደለም። የመብራት ታሪክ የሽቦና የተርባይን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ይሁን የሚለው የረጅም ዘመን ክርክር ታሪክ መሆኑን ለማሳየት ነው። (ዓመታቱ ‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የማያጠራቅም ቋት

አገሪቱን የሚያያይዘውን የኤሌክትሪክ መስመር በአማርኛ ‹‹ብሔራዊ የኃይል ቋት›› እንለዋለን። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ያሳስታል። ቋት ያጠራቅማል፤ ይህ መስመር ግን ምንም አያጠራቅምም። በእያንዳንዷ ሰከንድ የሚመነጨው ኃይልና የሚበላው ኃይል እኩል መሆን አለባቸው። ሚዛኑ ከተዛባ መስመሩ ራሱን ለማዳን ይቆረጣል፤ አንዳንዴም አገር በሙሉ ይጨልማል። በእኛ አገር የሚጠራቀመው ውሃው ነው፤ እሱም የሚጠራቀመው ሩቅ ቦታ፣ በግድብ ውስጥ፣ በመንግሥት እጅ ነው።

ኤሌክትሪክን በቤት የማኖር ሐሳብ ግን ከመስመሩ ይቀድማል። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው በ1800 ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ደግሞ በ1859 እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ አስገኘ። ቶማስ ኤዲሰን በኒውዮርክ ፐርል ጎዳና የኃይል ማመንጫውን ከፍቶ መብራት በሽቦ መሸጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1882 ነው።

ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የምናየው የኤሌክትሪክ መኪናም አዲስ አይደለም። በ1900 አካባቢ በአሜሪካ ጎዳናዎች ከሚሄዱት ተሽከርካሪዎች ሲሶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ጭስ የላቸውም፤ እንደ ቤንዚን መኪና ክንድ እስኪዝል በመዘውር ማስነሳትም አይጠይቁም። ያሸነፋቸው ግን ራሱ ኤሌክትሪክ ነበር። ቻርለስ ኬተሪንግ የሚባለው መሐንዲስ የሠራው በባትሪ የሚሠራ ሞተር ማስነሻ በ1912 የካዲላክ መኪኖች ላይ ሲገጠም፣ የቤንዚን መኪና ትልቁ ችግር ተወገደ። የኤሌክትሪክ መኪና ገበያም እየከሰመ ሄደ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይኸው ኬተሪንግ በ1916 ‹‹ዴልኮ ላይት›› የተባለ መሣሪያ ለአሜሪካ ገበሬዎች አቀረበ። መሣሪያው አንድ ትንሽ ሞተርና በመስታወት ዕቃ የተደረደሩ ባትሪዎች ነበሩ። ሞተሩ ለጥቂት ሰዓት ይሠራና ባትሪውን ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ በ32 ቮልት ሲበራ ያመሻል። አንዳንድ ገበሬዎችም የፎርድ ሞዴል ቲ መኪናቸውን የኋላ ጎማ ከመሬት አንሥተው፣ ቀበቶ አስረው፣ እንጨት ይሰነጥቁበትና ውሃ ይስቡበት ነበር። መኪናን ከመንገድ አውጥቶ የቤት ኃይል ማድረግ እንግዲህ የመቶ ዓመት ልማድ ነው።

ገበሬዎቹ ይህን ያደረጉት ዘመናዊነት አማሯቸው ሳይሆን መስመሩ ስላልደረሳቸው ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከተሞች ከአሥር ቤት ዘጠኙ መብራት ሲኖረው፣ በገጠር ግን ከአሥር እርሻ ዘጠኙ በጨለማ ነበር። የኃይል ኩባንያዎች ‹‹ገጠር አያዋጣም›› ብለው ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቁመው፣ በ1936 በሕግ አጽንተው፣ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ብድር መስጠት ሲጀምሩ ታሪኩ ተለወጠ። መስመሩ ሲደርስ የባትሪው ክፍል ፈረሰ፤ የመስመሩ መብራት ርካሽና ብርቱ ስለነበር ማንም አላዘነም። ከዚህ የምንወስደው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ ሰው በቤቱ የመብራት ጎተራ የሚሠራው መስመሩ ሳይደርሰው ሲቀር ወይም ደርሶት ሊያምነው ሲያቅተው ነው።

ጃፓን፣ መጋቢት 2011

ከዚያ በኋላ ያሉትን አሠርት ዓመታት በአጭሩ እንለፋቸው። በ1954 የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን የሲሊኮን ሰሌዳ ይፋ አደረጉ። በ1991 የሶኒ ኩባንያ የሊቲየም ባትሪን ለገበያ አቀረበ። በ1997 ደግሞ በአሜሪካ የሚኖሩ ሁለት ምሁራን፣ ዊሌት ኬምፕተንና ስቲቨን ለቴንድር፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቆመው በሚውሉበት ሰዓት ለመስመሩ ኃይል መልሰው ሊሰጡ እንደሚችሉ ጻፉ። መነሻቸው ቀላል ነበር፦ መኪና ከሃያ አራቱ ሰዓት አብዛኛውን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለዓመታት ከወረቀት አልወረደም። ያወረደው መከራ ነው።

መጋቢት 11 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን መጠኑ 9.0 የደረሰ የምድር መንቀጥቀጥና ሱናሚ ደረሰ። የፉኩሺማ ዳይኢቺ የኑክሌር ጣቢያም ተጎዳ። ከሦስት ቀን በኋላ ቶኪዮና አካባቢዋ፣ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ፣ እኛ በደንብ የምናውቀው ፈረቃ ደረሰባቸው። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ በምዕራብ ጃፓን ኃይል ሳለ ወደ ምሥራቅ መላክ አለመቻሉ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ማመንጫዋን ከጀርመን፣ ኦሳካ ደግሞ ከአሜሪካ ስለገዙ፣ ምሥራቁ በ50 ኸርዝ፣ ምዕራቡ በ60 ኸርዝ ይሠራል። ሁለቱን የሚያገናኙት ጣቢያዎች በዚያን ጊዜ ማሻገር የሚችሉት 1,000 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የተደረገ ግዢ በመቶ ዓመቱ ሕዝብን በጨለማ አስቀመጠ።

በአደጋው አካባቢ ሌላም ነገር ታየ። የቤንዚን ማደያዎች ለሳምንታት ሰልፍ ሲበዛባቸው መብራት በብዙ ቦታ ከነዳጁ ቀድሞ ተመለሰ። ኒሳንና ሚትሱቢሺ የላኳቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ሐኪሞችንና የእርዳታ ሠራተኞችን ማመላለስ ያዙ። ጥያቄው የመጣው ከዚያ ነው፦ መኪናው ይህን ሁሉ ኃይል ተሸክሞ በየመጠለያው ደጃፍ ከቆመ፣ ለምን መጠለያውን አያበራም?

መልሱ የመጣው በዓመቱ ነው። በ2012 ኒሳን ‹‹ሊፍ ቱ ሆም›› የተባለውን ሥርዓት ለሽያጭ አቀረበ። ኒቺኮን የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ሳጥን ከመኪናው ባትሪ የሚወጣውን ቀጥተኛ ጅረት ቤት ወደሚጠቀምበት ተለዋዋጭ ጅረት እየለወጠ እስከ 6 ኪሎ ዋት ይሰጥ ነበር። የያኔዋ የሊፍ ባትሪ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ትይዛለች፤ ለአንድ የጃፓን ቤተሰብ ለሁለት ቀን ያህል ይበቃል ተባለ። በ2019 ፋክሳይ የተባለው አውሎ ነፋስ በቺባ ግዛትና በአካባቢው ከ900,000 በላይ ቤቶችን መብራት ሲያሳጣ፣ መኪኖቹ ወደ መጠለያዎችና ወደ አረጋውያን ማደሪያዎች ተልከው ማራገቢያና ማቀዝቀዣ አንቀሳቀሱ፤ የሰዎችንም ስልክ ሞሉ።

የጃፓን ልዩነት ያለው ከቴክኒኩ ይልቅ በአደረጃጀቱ ነው። መኪና ሠሪው፣ ሳጥን ሠሪው፣ የመብራት ድርጅቱና መንግሥቱ በአንድ የመሰኪያ ደረጃ ተስማሙ። የየአካባቢው አስተዳደሮችም ከመኪና ኩባንያዎች ጋር የአደጋ ጊዜ ውል ተፈራረሙ። ጎተራው የግል ነበር፤ የክፉ ቀን ውሉ ግን የጋራ ሆነ።

በአሜሪካ ሐሳቡ የገነነው በሌላ መንገድ ነው። በካሊፎርኒያ በ2018 ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ያወደመውና 85 ሰው የገደለው ሰደድ እሳት መነሻው የኤሌክትሪክ መስመር ሆኖ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት የመብራት ኩባንያው ነፋስ በበረታ ቁጥር የብዙ መቶ ሺህ ደንበኞችን መብራት ሆን ብሎ ማጥፋት ጀመረ። በቴክሳስ ደግሞ በየካቲት 2021 የመጣው ብርድ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አጨለመ፤ ግዛቲቱ የመዘገበችው የሞት ቁጥር 246 ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ፎርድ ቤትን በ9.6 ኪሎ ዋት ማብራት ይችላል የተባለለትን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ አስተዋወቀ። ሁለቱም አገሮች ድሆች አይደሉም። መስመር የማይታመነው በድህነት ብቻ እንዳልሆነ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ከቤተ መንግሥት እስከ ጉባ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መብራትም መኪናም ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ሁለቱም ያረፉት ቤተ መንግሥት ነው። የመጀመሪያው ጀኔሬተር በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ የመጀመሪያው መኪናም በ1900 ዓ.ም. አካባቢ መጡ። ከዚያ በኋላ የአቃቂን ወንዝ የገደበው አባ ሳሙኤል መጣ። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ ጣና በለስ እያለ ጊቤ ሦስት ደረሰ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ቆቃን አንድ መቶ ሃያ ጊዜ ያህል ያጥፈዋል።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ከመምህር እስከ ሊስትሮ ቦንድ ገዝቶበታልና ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ግድብ መካከል ‹‹ፈረቃ›› የሚባለው ቃል ከቤታችን እንዳልወጣም መሸሸግ አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ሲሆን ፈረቃ መጣ። በ2001 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በ2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውሃ ሲያንስ እንደገና መጣ። የሦስቱም ምክንያት አንድ ነው፤ ኃይላችን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ የዝናብ ባለዕዳ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የሚጠፋው መብራት ግን በአመዛኙ ሌላ ምክንያት አለው። ኃይሉ አለ፤ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያም ተሸጧል። የሚጎድለው በግድቡና በቤቱ መካከል ያለው ነው፤ ያረጀ ሽቦ፣ የበሰበሰ ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር። ነፋስ ሲነፍስ ይቆረጣል፤ ዝናብ ሲጥል ይቃጠላል። ‹‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች›› ብሎ የሚተርት ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ከሕዝቡም ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም ያንን መስመር እንኳን አላየውም። ግድብ ቢጨመር ይህን ብቻውን አይፈታውም፤ ሙሉ ጎተራ እያለ መንገዱ ከተቆረጠ እህሉ ገበያ አይደርስም።

ከዚህም የከፋ አይተናል። የሰሜኑ ጦርነት በተካሄደባቸው ዓመታት መቀሌን ጨምሮ የትግራይ ከተሞች፣ እንዲሁም ላሊበላና አካባቢዋ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከብሔራዊው መስመር ተቆርጠው ቆይተዋል፤ መብራታቸው የተመለሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። በትግራይ ነዳጅም ስለጠፋ ጀኔሬተር ከዕቃነት አላለፈም። ማንም ሊያግደው ያልቻለው የኃይል ምንጭ ፀሐይ ብቻ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አለመሆኑን ያየ አይቶታል። ወላዶች በጨለማ ወልደዋል፤ ሐኪሞችም በእጅ ባትሪ አዋልደዋል።

ሳይታሰብ የገባው ጎተራ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ኢትዮጵያም በቤንዚንና በናፍጣ መኪና ላይ እንዲህ ያለ እገዳ በመጣል ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። ከዚያ አስቀድሞ በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርጎ ነበር፤ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣው ደግሞ ምንም እንዳይከፍል ተወሰነ። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሬ ነው። በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለነዳጅ የምታወጣ አገር በራሷ ውሃ የሚሄድ መኪና ብትፈልግ አያስገርምም። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣናት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከ100,000 ማለፉን ተናግረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። እያንዳንዱ መኪና በአማካይ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል ብንል፣ 100,000 መኪና 5 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህም የሕዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ የሚያመነጨው ማለት ነው። መንግሥት ነዳጅ ለመቆጠብ ባወጣው ሕግ፣ በግለሰቦች ገንዘብ፣ ማንም ‹‹ጎተራ እንሥራ›› ሳይል ያን የሚያህል የመብራት ጎተራ በየደጃፉ ተደርድሯል። ሕጉ ስለ መንገድ ሲያስብ ቤቱን ረሳው።

ለመሆኑ ይህ ጎተራ እንዴት ይከፈታል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀላሉ ነው፤ አንዳንድ መኪኖች ከራሳቸው ሶኬት መብራት ይሰጣሉ። ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3.6 ኪሎ ዋት ነው፤ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለፍሪጅና ለኮምፒውተር ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጠጣል። ስለዚህ ቻይና ወይም ጀርመን ያለ መሐንዲስ ‹‹ለቤት ይበቃል›› ያለው ሶኬት አዲስ አበባ ላይ ምጣድ ሲጣድ ሊንበረከክ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ የጃፓኑ ነው፤ ኃይልን በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳልፍ ቻርጀር ከቤቱ ቆጣሪ ሰሌዳ ጋር ይገጠማል። ይህ ምጣዱንም ይችላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ሁሉም መኪናም አይፈቅድም። ገዢው ከመግዛቱ በፊት ‹‹ኃይል መልሶ ይሰጣል ወይ?›› ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ሶላሩ የሚገባው እዚህ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ተራ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው። ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚጠግነው ሠራተኛ ከአንዱ ቤት ጣራ በሚመጣ ጅረት እንዳይሞት ነው። ቤቱ ብቻውን እንዲበራ ከተፈለገ ከመስመሩ የሚለይ ማገላበጫ፣ ያለ መስመር የሚሠራ ኢንቨርተር፣ ትርፉን የሚቀበል ባትሪም ያስፈልጋሉ። ያ ባትሪ መኪናው ሊሆን ይችላል። በመኪናው ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት መኪናው ሥራ ቦታ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው ወይ ሶላሩን በመሥሪያ ቤቱ ጣራ አድርጎ ማታ ኃይሉን በመኪና ይዞ መግባት፣ ወይ ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ ባትሪ ጨምሮ መኪናውን ለረጅሙ ጨለማ ማቆየት ነው።

አየሩም ከእኛ ጋር ነው። ‹‹የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ›› እያልን ለጎብኚ ስንሸጠው የኖርነው ፀሐይ የሚያይለው በበጋ ነው፤ ግድቦቻችን የሚጎድሉት ደግሞ በበጋው መጨረሻ ነው። ክረምት ሲገባ ደመናው ሶላሩን ያዳክማል፤ ግድቡ ግን ይሞላል። የሁለቱ ድካም በተለያየ ወቅት ስለሚመጣ አንዱ ለሌላው ምርኩዝ ይሆነዋል። ጉባ ያለው ግድብ ሩቅ ያለ ባለጸጋ ዘመድ ነው፤ ጣራ ላይ ያለው ሶላርና ደጃፍ ላይ ያለው ባትሪ ደግሞ ጎረቤት ናቸው። ሌሊት ሲጨንቅ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል።

ጎተራ የሌለው ጎረቤትስ?

እስካሁን የተባለው ሁሉ መኪና ላለው ሰው ነው። እውነተኛው የፖለቲካ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና፣ ጣራና ሶላር ያለው ሰው በዚህች አገር ስንት ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህስ ዋጋው ከስንቱ እጅ ራቀ?

ደቡብ አፍሪካ በዚህ መንገድ ቀድማናለች። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ፈረቃ ያሰለቻት ያች አገር በ2023 ከሁሉም የከፋውን ዓመት አሳለፈች። አቅም ያለው ሁሉ ጣራውን በሶላር፣ ጋራዡን በባትሪ ሞላ፤ በየጣራው የተተከለው ከ5,000 ሜጋ ዋት እንዳለፈ የአገሪቱ የመብራት ድርጅት ገመተ። መንግሥትም ሶላር ለገዛ ግለሰብ የግብር ቅናሽ ሰጠ። ነገር ግን ቅናሹን ማግኘት የቻለው ግብር የሚከፍልና ጣራ ያለው ነው፤ የሰፈር ቆርቆሮ ቤት ነዋሪ አይደለም። ደህና የሚከፍሉት ደንበኞች ከመስመሩ ሲቀንሱ፣ የመስመሩ ወጪ የሚወድቀው በቀሩት ላይ ነው። የቀሩት ደግሞ ድሆቹ ናቸው። በ2024 ፈረቃው ጋብ ሲል ሀብታሙ የራሱ መብራት ነበረው፤ ድሃው የቀረው ውድ ሒሳብ ነው።

ይህ ለእኛም የተዘረጋ ወጥመድ ነው። በመጀመሪያ ሀብታሙ በጀኔሬተር ከጨለማው ወጣ፤ ቢሆንም ጀኔሬተሩ ይጮኽ ነበርና ጨለማው ለሁሉም ይሰማ ነበር። ባትሪ ግን ድምፅ የለውም። ባለሥልጣኑም፣ ነጋዴውም፣ ሹሙም በየቤቱ ድምፅ የሌለው ጎተራ ካስቀመጠ መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው ማን ይሆናል? ጨለማ የማይነካው ሰው ስለ ትራንስፎርመር አይቆጣም። የማይቆጣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ትራንስፎርመሩ አይለወጥም።

ስለዚህ ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› እንደሚባለው ጉዳዩ ገና በእንጭጩ ሳለ ሕግ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ወደ አገር የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ኃይል መልሶ መስጠት የሚችል እንዲሆን፣ በመሰኪያውም ደረጃ እንዲስማማ ማድረግ ይቻላል፤ ጃፓን ይህን በማድረጓ ተጠቀመች። ሁለተኛ፣ ለመኪናው የተሰጠው የግብር ምሕረት ለሶላሩ፣ ለኢንቨርተሩና ለማገላበጫው በእኩል ይዳረስ፤ መኪናውን አርክሶ መክፈቻውን ማስወደድ ጎተራ ሠርቶ በሩን መርሳት ነው። ሦስተኛ፣ ትርፍ ኃይሉን ለመስመሩ ወይም ለጎረቤቱ የሚሰጥ ሰው እንዴት እንደሚከፈለው፣ ለሽቦ ሠራተኛው ደኅንነት ምን መገጠም እንዳለበት ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ።

አራተኛውና ዋነኛው ግን ከግል መኪና በፊት የሕዝብ መኪና ነው። የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪኖችና አምቡላንሶች ከግለሰብ መኪና የሚበልጥ ባትሪ ሊይዙ ይችላሉ፤ ማታ የሚቆሙበትም ቦታ ይታወቃል። የአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ በቀን የሚፈልገው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የያዘ መኪና ለሳምንታት ሊያቆየው ይችላል። ጣራው ላይ ሶላር ያለው ጤና ጣቢያ፣ በግቢውም ኃይል መልሳ የምትሰጥ አምቡላንስ የምታድር ከሆነ፣ መብራት ጠፋ ተብሎ ክትባት አይበላሽም፤ እናትም በሻማ አትወልድም። መንግሥት በክረምት ጎርፍ፣ በምድር መንቀጥቀጥ ወይም በመስመር ብልሽት ጊዜ መኪኖቹን ወደ የት እንደሚልክ ከወዲሁ ቢዋዋል ጃፓኖቹ ከመከራ በኋላ የደረሱበትን እኛ ከመከራ በፊት እንደርስበታለን።

የአሜሪካ ገበሬ ጎተራውን ያፈረሰው መንግሥቱ የሚታመን መስመር ይዞለት ስለመጣ ነው። የእኛ ዘመን ትንሽ ይለያል፤ መስመሩም ያስፈልጋል፣ ጎተራውም ያስፈልጋል። ጎተራው መስመሩን ለመሸሽ ከዋለ አገር በሁለት ይከፈላል፤ የሚበራለትና የሚጨልምበት። መስመሩን ለመደገፍ ከዋለ ግን ፈረቃ የሚለው ቃል ከልጆቻችን አፍ ሊጠፋ ይችላል። የሚወስነው ባትሪው ሳይሆን ዛሬ የምንጽፈው ሕግ ነው።

ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት መብራትና መኪና በአንድ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ተገናኝተው ነበር። ዛሬ በየግቢው ተገናኝተዋል። ከየግቢው ተሻግረው ወደ ጎረቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ትምህርት ቤት እንዲደርሱ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ቸር ያሰማን።